ስልሳ ሁለት ሜትር ከአርባ

ቀናተኛ ሰው የሚጎዳው የቀናበትን ሰው ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቅናት የሰነዘረው ምት አስቀድሞ የሚያርፈው በመካከሉ ምንም በሌለበት፣ ቀናተኛው ስሙን እንኳ በቅጡ በማያውቀው ሰው ላይ ነው፤ በመጨረሻም ዞሮ ሰንዛሪውን ያገኘዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው የአንድ ቀን ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

በሰኔ ወር 1998 ዓ.ም. በአንድ ሐሙስ ማለዳ፣ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ጎሳዬ በላብ ተነክሮ ከእንቅልፉ ነቃ። ዓይኑን ሲገልጥ ማራገቢያው ጀርባውን ሰጥቶት አገኘው። በዚያ ቤት ያለው ማራገቢያ አንድ ብቻ ነው፤ በዘጠኝ ሺህ ፍራንክ የገዛው ራሱ ጎሳዬ ሲሆን፣ አራት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ወደ እርሱና ወደ ሚስቱ ወደ ዓይናለም ሲነፍስ ኖሯል። ያን ዕለት ግን ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው በር ላይ ተተክሎ ወደ ወዲያኛው ክፍል ይነፍስ ነበር። በወዲያኛው ክፍል የዓይናለም ታናሽ ወንድም በዕውቀቱ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ሪፖርቱን በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣል፤ ወረቀቱ እንዳይበር በየማዕዘኑ የባሕር ዛጎል አኑሮበታል። ዓይናለም ከጋዝ ምድጃው አጠገብ ሆና ወንድሟ በሹክሹክታ በነገራት ነገር ትስቃለች። ሳቋ ዝቅ ያለ፣ ተኝቶ ያለ ሰው እንዳይነቃ የታፈነ ሳቅ ነበር። ጎሳዬ ግን የታፈነው ከእርሱ ለመደበቅ እንደ ሆነ አድርጎ ሰማው።

ተነሥቶ ወደዚያ ሲሻገር በዕውቀቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እንደምን እንዳደረ ጠየቀው። ጎሳዬ ፊቱን ሳያዞር ደህና ማደሩን ተናገረ። ከጠረጴዛው ማዶ በወንበር መደገፊያ ላይ የተሰቀለውን የሥራ ሸሚዙን አንሥቶ ለበሰ፤ ሸሚዙ ንጹሕና ደረቅ ነበር። ዓይናለም የሃያ ፍራንኩን ረጅም ዳቦ ቆርሳ መጀመሪያ የሰጠችው ለወንድሟ ነው። በዕውቀቱ ለእጇ የቀረበ ስለ ነበረ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም፤ ነገር ግን ጎሳዬ ይህንም ልብ አለ። ሦስቱም ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ።

ጎሳዬ የአንድ የጭነት ማመላለሻ ማኅበር የጅቡቲ ቅርንጫፍ የአደጋ መርማሪ ነው። ከወደብ ጭነው ወደ ኢትዮጵያ በሚያመሩ ከባድ መኪናዎች ላይ አደጋ ሲደርስ ይሄዳል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ኢንሹራንሱና ዣንዳርም የሚባለው የአገሩ ፖሊስ ይመለከቱታል። በዚህ ሥራ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። በዕውቀቱን ከደሴ አምጥቶ፣ መለኪያ አያያዝንና የፍሬን ጭረት አነባበብን አስተምሮ ለቅርንጫፉ ያስቀጠረው እርሱ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ግን ከአዲስ አበባ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ደብዳቤው በበዕውቀቱ የተጻፉት ሪፖርቶች ለሌሎቹ ቅርንጫፎች ሁሉ አርአያ እንዲሆኑ እየተባዙ ይላኩ ይላል። በደብዳቤው ውስጥ የጎሳዬ ስም የለም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ወይዘሮ ሐዲጃ ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ፣ ጎሳዬ ከሁሉ አስቀድሞ አጨበጨበ፤ እጆቹ እያጨበጨቡ ሳሉ ጆሮው የሚሰማው ያልተጠራውን የራሱን ስም ብቻ ነበር።

የዚያ ሳምንት አደጋ የደረሰው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ከማሉዲን የሚባል ሹፌር ማዳበሪያ ጭኖ ሲሄድ፣ ፔካ 20 ከሚባለው፣ ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ስፍራ ትንሽ አለፍ ብሎ የኋላ ጎማው ፈንድቶ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ሌላ ተሳቢ ከኋላው መጥቶ ገጨውና የዚያ መኪና ሹፌር ሞተ። መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው አስፋልቱ ላይ ድንጋይ እየደረደረ መጪውን ማስጠንቀቅ እንዳለበት በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያውቃል፤ የማኅበሩም ደንብ የመጀመሪያው ድንጋይ ከመኪናው ቢያንስ ሃምሳ ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል። ከማሉዲን ደርድሬ ነበር ይላል። ይሁን እንጂ ዣንዳርሞቹ በደረሱ ጊዜ የጎታች መኪናው ሠራተኞች መንገዱን ለመክፈት ድንጋዩን ሁሉ ወደ ዳር ወርውረውት ነበር፤ በዚያ ሜዳ ደግሞ ዳሩ ሁሉ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከማሉዲን ታሰረ። የማኅበሩ ሪፖርት ሐሙስ ቢሮ ሳይዘጋ ደርሶ ድንጋይ መደርደሩን ካረጋገጠ ይፈታል፤ ካላረጋገጠ በሰው መሞት ተጠይቆ ከሰዓት በኋላ ወደ ወህኒ ይዛወራል።

እንዲህ ላለው ጉዳይ ጎሳዬ ራሱ ያወጣው አሠራር አለ። አንድ መርማሪ ሄዶ ይለካል፤ በማግስቱ ሌላው ሄዶ ያረጋግጣል። ፊተኛው መንገዱ ላይ ምልክት አይተውም፤ ሁለተኛውም በታሸገ ፖስታ አብሮት የሚሄደውን የፊተኛውን ማስታወሻ ቅጂ ሳይከፍት የራሱን ይጽፋል። ሁለቱ የተስማሙበት ብቻ ወደ ዣንዳርም ይሄዳል። ረቡዕ በዕውቀቱ ሄዶ ነበር፤ ሐሙስ የጎሳዬ ተራ ሆነ።

ጎሳዬ ቢሮው በር ላይ በተዘረጋው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘ። ስሟ ሀዊ ነው፤ የከማሉዲን እኅት ስትሆን፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች። የወንድሟን ልብስ በፌስታል ይዛለች። እመቤቷ እስከ አራት ሰዓት ብቻ እንደ ፈቀደችላት፣ ከዚያ ካለፈች ሌላ ሠራተኛ እንደምታስገባ እንደ ነገረቻት ለጽዳት ሠራተኛዋ ስታወራ ጎሳዬ ሰማ። እርሱን ስታይ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ድንጋይ ሳይደረድር ከመኪና አይርቅም። ሻይ ሊጠጣ ለአምስት ደቂቃ ቢቆም እንኳ ይደረድራል፤ ጓደኞቹ ‹ግንበኛው› እያሉ ነው የሚቀልዱበት።»

«እኛ የምናምነው የለካነውን ነው» አላት።

«እንግዲያው ለኩልኝ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ጎሳዬ ከጠይባ መስኮት ቀርቦ፣ ለማረጋገጥ ለሚሄድ እንደ ደንቡ የረቡዕን መስመር በወረቀት ሸፍና ባቀረበችለት መዝገብ ላይ ፈርሞ፣ በዕውቀቱ ያልወሰደውን ሌላውን ባለ ዘንግና ባለ ቆጣሪ መለኪያ ጎማ ወሰደ። ጠይባ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ እዚያው ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከሶማሊኛና ከፈረንሳይኛ ጋር የሚደባለቅ፣ በሥራዋ ግን አንዲት ነጥብ የማትስት ሴት። የማኅበሩን ፒክአፕ የሚነዳው ዘከሪያ በአምቡሊ በኩል አውጥቶ በባልባላ ዳር አሳለፈው። የቆርቆሮ ቤቶቹ እስኪያልቁ ድረስ ዘከሪያ ስለ በረዶ መወደድ ያወራል፤ አንድ ፌስታል በረዶ መቶ ፍራንክ ገብቶ፣ ቤት ሳይደርስ ግማሹ ውኃ እየሆነ እንዴት ይዘለቃል ይላል። ጎሳዬ ግን በልቡ የሚያመላልሰው የበዕውቀቱን ቁጥር ነበር። ምን ያህል ብሎ ጽፎ ይሆን? ሁለት ሜትር እንኳ ቢሳሳት በቂ ነው፤ ሁለት ሜትር የተሳሳተ ሪፖርት በየቅርንጫፉ አርአያ ተብሎ አይላክም።

ቦታው ደረሱ። ሙቀቱ በማለዳ ነድዶ ነበር፤ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ ፊትን እንደ ምድጃ አፍ ይጠብሳል። ዘከሪያ ከመኪናው አልወረደም። ጎሳዬ ከማሉዲን የቆመበትን ስፍራ በፈሰሰው ዘይትና ጎማዎቹ ባሰመጡት አስፋልት ለየ። ከዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ዕውቀት ወደሚያስፈልገው ነገር መራው። በሰኔ ቀትር የዚያ አገር አስፋልት ሬንጁ ይለሰልሳል፤ ከባድ ድንጋይ ከተቀመጠበትም ጉድጓድ ይቀበላል። ድንጋዩ ሲነሣ ጉድጓዱ ይቀራል፤ ከቀናት በኋላ የከባድ መኪናዎች ጎማ ዳምጦ እስኪያጠፋው ድረስ። በፎቶግራፍ ግን አይወጣም፤ ጥልቀቱ ጥላ ለመጣል አይበቃም። በእጅ ብቻ ይዳሰሳል። ጎሳዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ አስፋልቱን በመዳፉ እየዳበሰ ሄደ።

ዘከሪያ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሼህ ጎሳዬ፣ ቂብላው ወዲህ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ነው እንዴ የምትሰግደው?» አለው።

ጎሳዬ አልሳቀም። ጉድጓዶቹን አግኝቷቸው ነበር። ሰባት ናቸው፤ ከመንገዱ ዳር ጀምረው ወደ መኪናው በቀረቡ መጠን ወደ መሐል የሚገቡ፣ በሥርዓት የተደረደሩ። በአንደኛው ወለል ላይ ከሬንጁ ጋር የተጣበቀ የድንጋይ ስባሪ ቀርቷል። ከማሉዲን በእርግጥ ግንበኛ ነው። ጎሳዬ የመለኪያውን ቆጣሪ ወደ ዜሮ መልሶ፣ ከመኪናው የኋላ ጎማ ስፍራ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ገፋው። ስልሳ ሁለት ሜትር ከአርባ። ከዚያ ያደረገው ነገር በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ቅናቱን ሊታገሠው አልቻለምና የተባዛውን የበዕውቀቱን ማስታወሻ ከታሸገበት ፖስታ አውጥቶ ገለጠው። ስልሳ ሁለት ሜትር ከአርባ ይላል። ጉድጓድ ሰባት ይላል። የድንጋዩን ስባሪ እንኳ አልዘለለውም።

እውነተኛ መምህር በዚያ ሰዓት ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ያስተማረው ልጅ ሚዛኑን ሳይስት ሠርቷልና። ጎሳዬን ግን ያቃጠለው ስሕተት አለማግኘቱ ነበር። የማራገቢያው ጀርባ፣ የታፈነው ሳቅ፣ ቀድሞ የተቆረሰው ዳቦ፣ ያልተጠራው ስም፣ ሁሉም በዚያች ቁጥር ላይ ተሰብስበው ታዩት። ቆሞ መንገዱን ተመለከተ። ሦስት ተሳቢ ተከታትሎ አለፈ፤ የመጨረሻው ጎማ ከጉድጓዶቹ ሁለቱን ዳመጠ። እስከ እሑድ ድረስ አንድም አይቀርም። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና «ተፈልጎ የድንጋይ ምልክት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ስለ ከማሉዲን ሲያስብ፣ ኢንሹራንሱ ጠበቃ ያቆምለታል፣ በሌላ መንገድ ይፈታል ብሎ ራሱን አሳመነ። ከማሉዲንን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ ቢሮ ተመለሱ። ሀዊ አሁንም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ጎሳዬ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰዓቱን ያየው እርሱ እንጂ እርሷ አልነበረችም። መለኪያውን በጠይባ መስኮት አስገባ። ጠይባ እንደ ሁልጊዜው ወደ ብርሃን አዙራ አነበበችው።

«ስልሳ ሁለት ከአርባ። ልጻፈው?»

«ጻፊው» አለ፤ አሳቡ ሊጽፈው ባለው ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር።

ቆጣሪ የሚመለሰው ልኬት ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይደለም። ዕቃው ሲገባ የሚያሳየው ቁጥር በመዝገብ ይሰፍራል፤ መርማሪ ሻይ ቤት ተቀምጦ ርቀት እንዳይፈጥር። ይህን ደንብ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጽፎ በጠይባ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ጎሳዬ ነው። እጁ ለደንቡ ዘጠኝ ዓመት ታዝዞ ነበርና፣ ልቡ በከዳ ቀንም እንደ ልማዱ ታዘዘ።

ሪፖርቱን ለመጻፍ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። አጻጻፉ እንደ ወትሮው የተስተካከለ ነበር፤ የመጨረሻው መስመር «ምልክት ባለመኖሩ ምክንያት የተለካ ርቀት የለም» ይላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ሐዲጃ ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች፤ መነጽሯን አውልቃ ሁለቱንም ሰዎች በየተራ ተመለከተች። በዕውቀቱ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሁሉም ይከራከራል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እርሱ ግን አልተከራከረም።

«ጋሼ የለም ካሉ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት» አለ። «ምናልባት ሌላ ጉድጓድ አይቼ ይሆናል።»

ወይዘሮ ሐዲጃ ደንቡ የሚያዘውን አደረገች። ሁለቱ ያልተስማሙበት አይላክምና፣ ድንጋይ መደርደሩ እንዳልተረጋገጠ የሚገልጽ ፋክስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዣንዳርም ተላከ። ጎሳዬ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ማለዳ ያሰበው ደስታ አልመጣለትም፤ ይልቁንም «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት» የምትለዋ ቃል በጆሮው ተመላለሰች።

በዕውቀቱ ግን ስሕተቱን ማወቅ ፈለገ። በራሱ ኪስ ታክሲ ይዞ ተመልሶ ለመለካት ወስኖ ወደ ጠይባ መስኮት ሄደ። ልኬት ለማረጋገጥ ከሚሄደው በቀር፣ መለኪያ የሚያወጣ ሁሉ ቀድሞ የገባበትን ቁጥር አንብቦ መፈረም አለበት። ጠይባ መዝገቡን አዞረችለት። የራሱን የረቡዕ መስመር አየ፤ ስልሳ ሁለት ከአርባ። ከበታቹ ያለውን የሐሙስ መስመር አየ። ፊርማው የጎሳዬ ነው፤ ቁጥሩም ስልሳ ሁለት ከአርባ። ብዕሩን ሳይፈርም አስቀመጠው። መዝገቡን ይዞ ወደ ጎሳዬ ጠረጴዛ ሄዶ ገልጦ ከፊቱ አኖረው።

«ጋሼ፣ ይህን የለኩት እርስዎ ነዎት?»

ጎሳዬ ቁጥሩን ተመለከተ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመለሰው ቃል ምርመራውን የሚመለከት አልነበረም።

«በቤቴ እያደርህ፣ እንጀራዬን እየበላህ፣ ማራገቢያዬን አዙረህ፣ አሁን ደግሞ መዝገብ ታመጣብኛለህ?»

በዕውቀቱ ስለ ማራገቢያው የተባለውን አልተረዳም። ከዚያ መዝገቡን አነሣ።

«ሰውዬው ታስሯል፣ ጋሼ» አለና ወደ ወይዘሮ ሐዲጃ ክፍል ገባ።

ወይዘሮ ሐዲጃ ወዲያው ስልክ ደወለች። ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ጫቱ ከተማ ገብቷል፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ በመሥሪያ ቤቶቹም ስልክ የሚያነሣ የለም። በመጨረሻ አንድ ተረኛ አነሣ፤ ከማሉዲን ከሩብ ሰዓት በፊት ወደ ወህኒ መዛወሩን፣ ጉዳዩ ከእንግዲህ የዳኛ መሆኑን፣ ዓርብም የአገሩ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ ዳኛው ከቅዳሜ በፊት እንደማይገኝ በትሕትና ነገራት። ሀዊ ይህን በር ላይ ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም። የወንድሟን ልብስ የያዘውን ፌስታል ለጠይባ ሰጠቻትና፣ ወህኒው በር ድረስ የሚያደርሰው ሰው እንድትፈልግላት ለምናት፣ ወደ ሄሮን የሚሄደውን ሚኒባስ ለመያዝ እየሮጠች ወጣች።

ጎሳዬ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ገባ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ማራገቢያው በሩ ላይ ዝም ብሎ ቆሟል። ዓይናለም ምሳ አቀረበች፤ ወንድሟ የት እንደ ቀረ ጠየቀችው፤ ቢሮ ነው አላት። ያለማራገቢያ ላቡ በሸሚዙ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ እርሷ እንደ ዋዛ ወቀሰችው።

«ተው እንጂ፣ ያን ሸሚዝ አታበላሸው። ሌሊት አጥቤው በዚህ እርጥበት አልደርቅ ቢለኝ፣ ንጋት ላይ ተነሥቼ ወንበር ላይ ሰቅዬ ማራገቢያውን ባዞርለት ነው የደረቀው። በዕውቀቱማ ወረቀቱ እየበረረበት ሲያሯሯጠው አሣቀኝ፤ ዛጎል ፍለጋ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ጎሳዬ ጉርሻውን እንደ ያዘ ቀረ። የወንበሩን መደገፊያ፣ ከዚያ ማራገቢያውን፣ ከዚያ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ተመለከተ፤ ሦስት እርምጃ አይሞላም። ማለዳ በዚያ በኩል ሲያልፍ አልለካውም ነበር። ሚስቱ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። እርሱ ሳይነግራት፣ ዐሥር ሰዓት ላይ በዕውቀቱ ልብሱን ሊወስድ መጥቶ፣ ሁለቱም እያሉ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ የሆነውን በአራት ዐረፍተ ነገር ነገራት። ዓይናለም ወንድሟን እስከ መንገድ ሸኝታው ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን አራት ዛጎሎች ሰብስባ ሣጥን ውስጥ አስገባች።

ከማሉዲን ዐሥራ አንድ ቀን ታስሮ ተፈታ። በሰኔ ሙቀት በተጨናነቀ ክፍል ስለ ቆየ ኩላሊቱ ታመመ፤ እስከ መስከረም ድረስ መሪ አልጨበጠም። ሀዊ ያን ሐሙስ ሄሮን ስትደርስ ዕቃዋ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፤ በቦታዋም ሌላ ሴት ገብታ ነበር።

በሐምሌ 12 ቀን 1998 ዓ.ም. ማኅበሩ በጎሳዬ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ዘከሪያ ተጠርቶ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ሲዳብስ እንዳየው መሰከረ፤ ጠይባም መዝገቧን አቀረበች። የመርማሪነት ፈቃዱ ተሰረዘ፣ በማንኛውም ቅርንጫፍ ሪፖርት እንዳይጽፍና እንዳይፈርም ተከለከለ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የአገልግሎት ጉርሻውን አጣ። የሐሙስ ሪፖርቱ ከመዝገቡ ገጽ ቅጂ ጋር ተባዝቶ፣ በዕውቀቱ ከጻፋቸው ሪፖርቶች ጋር በአንድ ፖስታ ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ተላከ። ጎሳዬ ከዚያ በኋላ በፔካ 12 የመኪና ማቆሚያ በር ላይ የገቢና የወጪ መኪናዎችን ሰሌዳ ቁጥር እንዲመዘግብ ተቀጠረ። በዚሁ ሥራ ሰባት ዓመት ቆየ።